በማኅበር ሥራ ማን ይሳተፋል? ስም ሲጠራና ሥራ ሲሠራ



በወርቃ ለቅሶ ሲሆን ማን ምን እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ አግዳሚ ወንበር ያመጣሉ፣ መቃብር ይቆፍራሉ። እኛ ሴቶቹ ውሃ በጀሪካን እንቀዳለን፣ እንጨት እንሸከማለን፣ ቆጮ እንጋግራለን፣ ጎመን እንከትፋለን፣ ቡና እንቆላለን፣ ከሐዘንተኛዋ ጋር እናድራለን። ከቀብር መልስ የዕድሩ ጸሐፊ ደብተሩን ገልጦ ስም ይጠራል። የሚጠራው የአባወራው ስም ነው። አባወራው ያን ቀን ለጉዳይ ዲላ ወርዶ ከሆነ "ቀሪ" ተብሎ ቅጣት ይጻፍበታል። ሚስቱ ከንጋት ጀምሮ ጭስ ሲጨሳት ብትውልም ደብተሩ አያውቃትም።

ይህን የምንጽፈው ዕድሮቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ዕድር ባይኖር ብዙዎቻችን ወገናችንን በወግ መቅበር ያቅተን ነበር። የምንጽፈው ሁለት ነገር ስለገጠመን ነው። አንደኛው፣ ደጋፊዎቻችን በማኅበረሰብ ሥራ የሚሳተፉት እነማን እንደሆኑ በየዓመቱ ይጠይቁናል፤ እኛም የስብሰባ ፊርማችንን እየቆጠርን ቅጹን እንሞላለን። ሁለተኛው፣ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከስብሰባ የቀረች አባል ስሟ ከመዝገብ ይውጣ የሚለው የደንባችን አንቀጽ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ለውይይት ይቀርባል። አንቀጹ ይጽና የሚሉ አሉ፤ ይሻር የሚሉም አሉ። ከመወሰናችን በፊት ወደ ኋላ ዞር ብለን፣ በዚህ አገር ከድሮ ጀምሮ ለጋራ ሥራ ማን እንደወጣና የማን ስም እንደተጻፈ ብናይ ይበጃል ብለን አሰብን።

ሶንጎ እና የእንሰት ጓሮ

የጌዴኦ አባቶች የሚዳኙበትና የሚመክሩበት ሸንጎ ሶንጎ ይባላል። ሥልጣን የሚተላለፈው ደግሞ በየስምንት ዓመቱ እርከን በሚለወጥበት በባሌ ሥርዓት ነው፤ በራሱ ላይ አባ ገዳው አለ። ጠብ የሚበርደው፣ ወሰን የሚለየው፣ ካሣ የሚቆረጠው በሶንጎ ነው። ይህ ትልቅ ቅርስ ነው። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር ዩኔስኮ የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ዛፉን፣ እንሰቱንና ቡናውን አቀናጅቶ የሚያለማውን እርሻና የጥንት ትክል ድንጋዮቻችንን ብቻ ሳይሆን ይህን መሬት የሚጠብቀውን ባህላዊ ሥርዓትም አይቶ ነው።

በሶንጎ የሚቀመጡት ግን በልማድ ወንዶች ናቸው። ታዲያ ሴቶቹ የት ነበሩ? እንሰት ጓሮ ውስጥ ነበሩ። እንሰት ከተተከለ ለፍሬ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ሲደርስ ግንዱ ይገነጠላል፣ በቀርከሃ መፋቂያ ይፋቃል፣ ሥሩ ይደቅቃል፣ ተጨምቆና ተደባልቆ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ይቀበራል፤ ከዚያ እስኪብላላ ይጠበቃል። ይህን ሥራ አንዲት ሴት ብቻዋን ልሥራው ብትል ወገቧ ይቆረጣል። ስለዚህ ጎረቤት ይጠራራል። ዛሬ የአንዷ ይፋቃል፣ ነገ የሌላዋ። አራሷ ቤት፣ የታመመችው ቤት፣ ባሏ የሞተባት ቤት ግን ተራና ብድር ሳይቆጠር ይሄዳሉ።

ይህ እንግዲህ የአሁኑ ዘመን "በጎ ፈቃድ" የሚለው ነገር ራሱ ነው። ደመወዝ የለውም፣ አስገዳጅ የለውም፣ ጥቅሙ ለሌላ ሰው ነው። ሆኖም ሶንጎ የተቀመጠውን ሰው ማንም በስሙ ይጠራዋል፤ ለአራሷ እንሰት ስትፍቅ የዋለችው ግን "ጎረቤት" ተብላ ትታለፋለች።

በጌዴኦና በጉጂ ዘንድ ስለ አኮ ማኖዬ የሚተረክ ተረት አለ። አኮ ማኖዬ በወንዶች ላይ የነገሠች ሴት ነበረች ይባላል። ሊሠራ የማይችል ሥራ እያዘዘች ወንዶቹን አስመረረቻቸው፤ በመጨረሻ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ላዩን ሸፍነው፣ በተንኮል ጣሏት። ተረቱ ሲነገር ሴት ሥልጣን ብትይዝ እንዲህ ይሆናል ለማለት ነው። እኛ ግን ስንሰማው ሌላ ነገር ይታየናል። በተረት እንኳ ሴት ተሰብስባ የምትመክርበት ቦታ አልተሰጣትም፤ ወይ ብቻዋን ትነግሣለች፣ ወይ ጉድጓድ ትገባለች። ከሌሎቹ ጋር እኩል የምትቀመጥበት መካከለኛ ቦታ የለም። ማኅበራችን የቆመው ለዚያ ቦታ ነው።

በግዴታ የተሠራ ሥራ

ስለ ተሳትፎ ሲነሳ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፤ ለጋራ ተብሎ የተሠራ ሁሉ በፈቃድ አልተሠራም። ጌዴኦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በአፄ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ የገባር ሥርዓት ተተከለ። ገባሩ ለመልከኛው ግብር ይከፍላል፣ ጉልበትም ይሰጣል። በደቡብ የነበረው ገባር የሚሰጠው ጉልበት የወንድ ብቻ አልነበረም፤ ሚስቱ ለጌታው ቤት እህል ትፈጫለች፣ ውሃና እንጨት ታመጣለች። ስሙ የተመዘገበው ገባር አንድ ሆኖ ሳለ፣ የሚሠራው እጅ ግን አራት ነበር።

ቡና ዋጋ ሲያወጣ መሬቱ ይበልጥ ተፈለገ። ጭሰኛው ከምርቱ ለባለርስቱ የሚከፍለው ኢርቦ የሚባለው ድርሻ ምሬቱን አከረረው። በ1952 ዓ.ም. ምሬቱ ፈነዳ፤ ሚጭሌ ላይ የጌዴኦ ገበሬዎች ጦርና ጋሻ ይዘው ጠመንጃ ከያዘ ኃይል ጋር ተፋጠጡ። ብዙ ሰው አለቀ። ሚጭሌ እስከ ዛሬ በአካባቢያችን የጀግንነት ስም ነው፤ የሚወሳውም በተዋጊዎቹ ነው። እኛ የእነርሱን ክብር አንቀንስም። ጦር የያዘ ሰው ግን ስንቅ ይፈልጋል፤ የዚህ አገር ስንቅ ቆጮ ነው፤ ቆጮ ደግሞ የሴት እጅ ሥራ ነው። ሲሸሹ ልጅ ያዘለው፣ ሲመለሱ ቁስል ያጠበው፣ የሟቹን ጓሮ ሳይጠፋ ያቆየው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ምስክር አያስፈልገንም።

በዚያው ዘመን አካባቢ በከተሞች ሌላ ዓይነት ማኅበር እየበዛ ነበር። የዕድርን ታሪክ የጻፉ ሰዎች መስፋፋቱን የሚያያይዙት ከ20ኛው ክፍለ ዘመን የአዲስ አበባ ሕይወት ጋር፣ በተለይም ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ካለው ጊዜ ጋር ነው። ከአገር ቤት ርቀው ከተማ የገቡ ሰዎች ቀባሪ እንዳያጡ ተደራጁ፤ ከዚያም ዕድር በየከተማውና በየገጠሩ ተዳረሰ። ዲላም ወርቃም ያለው ዕድር የዚያ ዘር ነው። ዕድር ለሁሉም ክፍት ቢሆንም መዋጮ መክፈል የሚችል ቤት ይፈልጋል፤ ቤቱ የሚታወቀውም በአባወራው ነው። በብዙ ቦታ ሴቶች የራሳቸውን ዕድር ያቋቋሙት አለምክንያት አይደለም።

በሴቶች ስም የተቋቋመ የበጎ አድራጎት ማኅበር ራሱ በአገራችን ዕድሜ ጠገብ ነው። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ፣ በ1935 እ.ኤ.አ.፣ በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር በአዲስ አበባ ተቋቁሞ ለዘማቹ የቁስል መጠቅለያና ሌላም ነገር ያዘጋጅ ነበር። በግንባር ቀደምነት የታዩት የመሳፍንትና የመኳንንት ወይዛዝርት ነበሩ። ታሪካቸው የተጻፈው ስማቸው አስቀድሞ የታወቀ ስለነበረ ነው። የገጠር ሴት ስንቅ ስታዘጋጅ "ግዴታዋን ተወጣች" ተባለ፤ ወይዘሮዋ ፋሻ ስትጠቀልል "በጎ አድራጊ" ተባለች። ሁለቱም ለአገር ሠርተዋል፤ የለያቸው የሥራው ስም ነው።

በአዋጅ የመጣ ተሳትፎ

በ1967 ዓ.ም. ሁለት ትልልቅ ነገሮች ሆኑ። በታኅሣሥ የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ተከፈተ፤ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። በየካቲት 25 ቀን ደግሞ የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት መሆኑ ታወጀ። ጭሰኝነት ቀረ። አዋጁ መሬት ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ፆታ ሳይለይ መሬት እንዲሰጠው ይላል። በወረቀት ደረጃ ይህ ለሴት ትልቅ በር ነበር። ሆኖም በገበሬ ማኅበር የሚመዘገበው የቤቱ ኃላፊ ሆነ፤ የቤቱ ኃላፊ ማለት ደግሞ ባል ያላት ሴት ማለት አልነበረም። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት በስሟ ተመዘገበች፤ ባለትዳሯ በባሏ ስም ቀረች። ሴት ስሟ እንዲጻፍ ባል ማጣት ነበረባት።

ከዚያ በ1971 ዓ.ም. የክረምት ወር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው በሂደት ወደ 15 የአገራችን ቋንቋዎች ሲሰፋ ጌዴኡፋ አንዱ ነበር። ቀን እርሻና ምድጃ፣ ማታ ፊደል። የዚያ ዘመን እናቶች ስማቸውን በገዛ እጃቸው መጻፍ መማራቸው እንደ ትንሽ ነገር መታየት የለበትም። ስሙን መጻፍ የማይችል ሰው ሌላው ሰው በጻፈለት ላይ አውራ ጣቱን ያሳርፋል። እኛ ዛሬ የቁጠባ ደብተራችን ላይ ራሳችን የምንፈርመው ያ መንገድ ስለተጀመረ ነው።

በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር፣ በአጭሩ አኢሴማ፣ ተቋቋመ። በየቀበሌው ሴቶች ተሰበሰቡ፣ ሊቀመንበርና ጸሐፊ መረጡ፣ መዋጮ ሰበሰቡ። ብዙ እናቶች በሰው ፊት ቆሞ መናገርን የለመዱት በዚያ ነው። ነገር ግን ጉዳዩ ከላይ ተቆርጦ የሚመጣ ነበር። ስብሰባው የሚጠራው በትእዛዝ፣ አጀንዳው የሚነገረው በመመሪያ፣ የሚሰበሰበው ስንቅና መዋጮ ለዘመቻ ነበር። የሴት ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት መዝገብ ላይ ወጣ፤ ፈቃዷ ግን አብሮ አልተጻፈም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ማኅበሩም አብሮ ጠፋ። ቆጮ የሚፋቅበት ጉርብትና ግን እንዳለ ቀረ። ትእዛዝ ያቆመው ከትእዛዙ ጋር ይወድቃል፤ ፈቃድ ያቆመው ይሰነብታል።

ከዚያ በኋላም ይኸው ነገር በሌላ መልክ መጥቷል። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር የሰለጠኑ ሴቶች ደመወዝ ተቆርጦላቸው በየቀበሌው ተመደቡ። ይህ ለሴቶች ሥራ ዋጋ የሰጠ እርምጃ ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወደ 30 የሚሆኑ አባወራዎችና እማወራዎች በአንድ የልማት ቡድን፣ በውስጡም በአንድ ለአምስት እንዲደራጁ ተደረገ። በዚህ ቡድን እርጉዝን ወደ ጤና ጣቢያ የምትሸኘው፣ ሕፃን እንዲከተብ የምትቀሰቅሰው፣ መጸዳጃ ቤት መቆፈሩን የምታየው ሴት ናት፤ ያለ ክፍያ። ብዙ እናትና ሕፃን በዚህ ሥራ ተርፏል፤ እኛም የምናውቃቸው አሉ። ቢሆንም የራሷን ቡና ለቀማ ትታ የምትዞረውን ሴት ማንም ቀኗን አልመለሰላትም። ፈቃደኛነቷን ያመሰገኗት ብዙዎች ናቸው፤ ጊዜ አላት ወይ ብሎ የጠየቃት ግን ጥቂት ነው።

ቡናው በማን ስም ተሸጠ

ወርቃ ሲባል ቡና ይታወሳል። የይርጋጨፌ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን በ1994 ዓ.ም. ሲቋቋም የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን በራሱ ማኅበር በኩል ለውጭ ገበያ የሚያቀርብበት መንገድ ተከፈተ። ከ20 በላይ የሆኑ መሠረታዊ ማኅበራት የታቀፉበት ሲሆን የወርቃ ገበሬዎች ማኅበርም ከእነርሱ አንዱ ነው። ዛሬ በሩቅ አገር ያለ ሰው ከረጢት ላይ "ወርቃ" የሚለውን አንብቦ ቡናችንን ይጠጣል።

እሸት ቡናውን በቅርጫት የለቀመችው ማን ናት? አብዛኛውን ሴትና ልጅ ነው። በማጠቢያ ጣቢያው ማድረቂያ አልጋ ላይ ጎንበስ ብላ የተበላሸውን ከደህናው የምትለየውስ? ሴት ናት። በማኅበሩ ግን አንድ ቤተሰብ አንድ አባልነት ሲኖረው አብዛኛውን ጊዜ በባል ስም ነው፤ የትርፍ ክፍፍልም ሲመጣ ስሙ የተጻፈው ሰው ይቀበላል። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራም የሚሄደው እርሱ ነው።

አንድ ለውጥ ግን ማንሳት አለብን። በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ በደቡብ ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀምር የባልና የሚስት ስም አብሮ እንዲጻፍ ተደረገ። ይህች አንዲት መስመር ጽሑፍ ብዙ ነገር ለወጠች። ባሏ ሲሞት ከጓሮዋ የማትነቀል ሴት፣ ስትፋታ ድርሻዋን የምትጠይቅ ሴት ታየች። መሬት ያለው ሰው ዋስ ይሆናል፣ ዋስ የሆነ ሰው ማኅበር ይገባል፣ ማኅበር የገባ ሰው ይናገራል። ስም መጻፍ ከንቱ ወረቀት ነው የሚለን ሰው ካለ ይህን እንነግረዋለን።

በ2010 ዓ.ም.

ይህን ክፍል መጻፍ ይከብደናል፤ ሆኖም ሳይጻፍ አይታለፍም። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ቀጥሎም ሰኔ ላይ፣ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ አካባቢ በተነሳ ግጭት ሕዝብ ከቤቱ ተነቀለ። ከሁለቱም ወገን የተፈናቀለው ሰው ከ900 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ዓመት በዓለም ላይ ከታዩት ትልልቅ የአገር ውስጥ መፈናቀሎች አንዱ ነበር። ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የቀበሌው አዳራሽ፣ የሰው ግቢ ሁሉ ሰው ሞላው። ክረምት ነው፤ ይዘንባል፤ ይበርዳል።

የእርዳታ መኪና እስኪደርስ ሰው ምን በላ? ጎረቤቱ ለዓመት ብሎ የቀበረውን ቆጮ በላ። ጉድጓዱን የከፈተችው ሴት ናት። ጉድጓድ መክፈት ማለት የቤትን ጎተራ መክፈት ማለት ነው፤ የከፈተችው ሴት ነገ ልጆቿ ምን እንደሚበሉ ሳታውቅ ነው የከፈተችው። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሲያድር ማን የት እንደሚተኛ የደለደለች፣ ለአራስ ተፈናቃይ ምድጃዋን የለቀቀች፣ ነጠላዋን ቀዳ ሕፃን የጠቀለለች ሴት በየመንደሩ ነበረች። ወጣቶች ልብስ ሰበሰቡ፣ የሃይማኖት ተቋማት ደጃቸውን ከፈቱ፣ ከሌላ ከተማ የመጡ ሰዎች ደከሙ። ሽማግሌዎችም በሁለቱ ሕዝቦች ዘንድ የታወቀውን ጎንዶሮ የተባለ የእርቅ ሥርዓት ይዘው ለሰላም ተቀመጡ። ሁሉም ምስጋና ይገባቸዋል።

መዝገቡ ግን ያው ነበር። እርዳታ ሲታደል ስም የሚያዘው በቤተሰብ ኃላፊ ነው፤ ዘገባ ሲጻፍም የሚቆጠረው በመኪና የመጣው ዱቄትና ብርድ ልብስ ነው። ከጉድጓድ የወጣው ቆጮ በኪሎ አልተመዘነም። ተፈናቃይዋም ራሷ "ተረጂ" ተብላ ብቻ ተጻፈች፤ እርሷ ግን መጠለያ ውስጥ የሌላዋን ልጅ ስትይዝ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ የታመመ ስታስታምም ነበር። ተረጂና ረጂ በደብተር ላይ ሁለት ዓምድ ናቸው፤ በሕይወት ግን አንዲት ሴት በአንድ ቀን ሁለቱንም ትሆናለች።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ የዓለም የበጎ ፈቃድ ሥራ ተደምሮ ሲሰላ ከ109 ሚሊዮን የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ሥራ ጋር እንደሚመጣጠን ገምቷል። ከዚህም 70 በመቶው በድርጅት በኩል ሳይሆን ሰው ለሰው፣ ጎረቤት ለጎረቤት የሚደረግ ነው፤ ከዚያ ውስጥ 59 በመቶውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ሰው "በጎ ፈቃደኛ" ሲባል ቲሸርት ለብሶ ችግኝ የሚተክል ወጣት ወይም በክረምት የአረጋዊ ቤት የሚጠግን ቡድን ይታየዋል። እነዚያም መልካም ናቸው። ትልቁ ሥራ ግን ቲሸርት አልለበሰም።

የእኛ ዓይነት ማኅበር ከየት መጣ

እንደኛ ያሉ የራስ አገዝ ቡድኖች በኢትዮጵያ የተጀመሩት በ2002 እ.ኤ.አ. በናዝሬት፣ በአሁኗ አዳማ ነው። የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ሐሳቡን ከሕንድ ተሞክሮ ወስዳ በአምስት ትናንሽ የሴቶች ቡድኖች ጀመረች። አሠራሩ ቀላል ነው። ከሃያ የማይበልጡ፣ በኑሮ የሚመጣጠኑ ጎረቤታሞች በየሳምንቱ ይገናኛሉ፤ የምትችለውን ያህል፣ ሳንቲምም ቢሆን ይቆጥባሉ፤ ከተጠራቀመው እርስ በርስ ይበዳደራሉ። ስብሰባውን የምትመራው በየተራ ናት። ቡድኖቹ ሲበዙ ወኪል እየላኩ ከፍ ያለ ኅብረት ይመሠርታሉ።

በዚህ አሠራር ሦስት ነገር ከበፊቶቹ ይለያል። ስሟ የሚጻፈው በራሷ ነው፤ የእከሌ ሚስት ተብላ አይደለም። የሚመጣው ከላይ የተቆረጠ አጀንዳ ሳይሆን እዚያው የሚነሳ ጉዳይ ነው። ወንበሩ ደግሞ ስለሚዞር ማንበብ የምትችለዋ ብቻ ለዘላለም ሊቀመንበር አትሆንም። ከሶንጎ ጀምሮ እስከ አኢሴማ ስናይ የቆየነው ሥራው እንጂ ቃሉ ያልደረሳትን ሴት ነው። እዚህ ሥራውም ቃሉም አንድ ላይ ደረሰን።

እንግዲህ የራሳችንን ደብተር እንግለጥ

አሁን ወደ ተነሳንበት እንመለስ። ባለፈው የቡና ወቅት አንዲት አባላችን ሦስት ሳምንት በተከታታይ ቀረች። ደንቡ ደንብ ነው ብለን ስሟን አወጣን፤ ቁጠባዋንም ቆጥረን መለስንላት። ማንም ቤቷ ሄዶ ምን እንደገጠማት አልጠየቀም። ኋላ እንደሰማነው አማቷ አልጋ ላይ ወድቃ እያስታመመች ነበር፤ ቀን የሰው ቡና ለቅማ ማታ በሽተኛ ታገላብጣለች። ብዙም ሳይቆይ ከእኛው አባላት የአንዷ ቤት ሐዘን ደረሰ። ውሃ ቀድታ ቀድማ የደረሰችው ያቺ ስሟን ያወጣናት ሴት ነበረች። አፍረን ይቅርታ ስንጠይቃት፣ እኛ ከመዝገብ ብናወጣትም እርሷ ከጎረቤቶቿ እንዳልወጣች ነገረችን።

ያን ቀን የዕድሩን ጸሐፊ የምንወቅስበት አፍ አጣን። እርሱ ከጭሱ ሥር ያለችውን ሴት ሳያይ "ቀሪ" እንደሚጽፈው፣ እኛም ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ያለችውን "ቀሪ" ብለን ጻፍን። የመገኘት ፊርማ የሚያሳየው መምጣት የቻለችውን ነው። ሕፃን የሚይዝላት ያላት፣ የቀን ሥራ የማያስጨንቃት፣ ቤቷ ለመሰብሰቢያው የቀረበ፣ መዋጮ የማይቸግራት ትፈርማለች። ድሃዋ፣ አስታማሚዋ፣ ከሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋ፣ በቅርብ ተፈናቅላ የመጣችዋ ትቀራለች። ከዚያ እኛ ፊርማውን ቆጥረን ለደጋፊዎቻችን "የሚሳተፉት እነዚህ ናቸው" ብለን እንልካለን። ማኅበሩ የተቋቋመው ደግሞ በተለይ ለቀሩት ነበር።

አንቀጹ ይጽና የሚሉ እህቶቻችን የሚሉት እውነት አለው። ደንብ የሌለው ማኅበር ይበተናል፤ በብድር ገንዘብ ላይ ቸልታ ካለ የአንዷ ላብ በሌላዋ ይባክናል። ይህን በዓይናችን ያየን ነን። ስለዚህ ደንብ ይቅር አንልም። የምንለው ደንቡ ሥራን ይቁጠር ነው። ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ አራት ነጥብ ነው።

አንደኛ፣ አባል ስትቀር ስሟ ከመነካቱ በፊት ሁለት አባላት ቤቷ ሄደው ይጠይቁ፤ የጠየቁትንም በቃለ ጉባኤ ያስገቡ።

ሁለተኛ፣ በሽተኛ ያስታመመች፣ አራስ የጠየቀች፣ ለቅሶ ላይ የዋለች አባል ያን ሳምንት እንደተገኘች ትቆጠር፤ ቁጠባዋን ግን በሌላ ሰው እጅ ትላክ ወይም በሚቀጥለው ሳምንት ታሟላ።

ሦስተኛ፣ በቡና ለቀማ ወራት የስብሰባው ሰዓት ወደ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይዙር።

አራተኛ፣ ከስብሰባ ፊርማው ጎን ሌላ ደብተር ይከፈት። በዚያ ውስጥ በሳምንቱ ማን ለማን ምን እንዳደረገች በአጭሩ ይጻፍ፦ እንሰት መፋቅ፣ ውሃ መቅዳት፣ ልጅ መያዝ፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሸኘት። ለደጋፊዎቻችን የምንልከው ዘገባም ከሁለቱም ደብተር ይውጣ።

አራተኛውን አንዳንዶች እንደማይወዱት እናውቃለን። መልካም ሥራ ሲጻፍ ዋጋው ይቀንሳል፣ ቀኝ የሰጠውን ግራ አይወቅ ይባላል። እውነት ነው፤ ለመመስገን የሚሠራ አይባረክም። እኛ የምንጽፈው ግን ለምስጋና አይደለም። ሳይጻፍ የቀረ ሥራ ሠሪ የሌለው ይመስላል፤ ሠሪ የሌለው የሚመስል ሥራ ሲከፋፈል ደግሞ ሁልጊዜ በዚያችው ሴት ላይ ይጫናል። ሸክሙ ከታየ ይከፋፈላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ሎሚውን ለመከፋፈል ግን መጀመሪያ ማን ተሸክሞት እንደቆየ ማወቅ አለብን።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ በሚቀጥለው ዓመት ቅጻችሁን ስትልኩልን ከተሰብሳቢ ብዛት ዓምድ ቀጥሎ አንድ ባዶ ዓምድ ጨምሩልን፤ እኛ እንሞላዋለን። ውድ አባሎቻችን፣ በጉባኤው ቀን ማንም እንዳትቀር። መምጣት የማትችል ጎረቤት ያለቻችሁም ሐሳቧን ቀድማችሁ ጠይቃችሁ በስሟ ይዛችሁላት ኑ። ስሟን ያወጣናት እህታችን ወደ መዝገቡ እንድትመለስ ተለምናለች። ደንቡ ከተሻሻለ እንደምትመለስ ነግራናለች፤ እስከዚያው ግን ለለቅሶም ለአራስም ከእኛ ቀድማ እየደረሰች ነው።